ሙክቱና ወታደሯ

መሪጌታ ወታደር በነፃ ሲሰጡኝ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ያላዩ ለመምሰል ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፣ የጭነት መኪና ወደ ደሴ ያልፋል፣ አለቀ። እሳቸው ግን ያንን መኪና እስኪርቅ ድረስ በዓይናቸው ይሸኙታል። እኔ የቼዝ ገበታው ላይ የተተወችውን ወታደር አያለሁ። ጠባቂ የላትም። ሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሒሳብ የሠራ ሰው ደግሞ ባለቤት የሌለው ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ መዝገብ ላይ ካላስገባው እንቅልፍ አይወስደውም።

መሪጌታ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በአሥራ አራት ይበልጡኛል። ቅኔ ተምረው፣ ቅኔ አስተምረው፣ አሁን ጉልበታቸው ማሕሌት መቆም ስለተሳነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸውን ደርበው ከኔ ጋር ቡና ቤት ይቀመጣሉ። በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ ሒሳብ ሹም ይሉኛል። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ቢሆነኝም ሹመቴን አልሻሩኝም። ጨዋታውን ከኔ አልተማሩም። አያታቸው በአንድ የመንዝ ባላባት ቤት ያደጉ ሰው ነበሩና የድሮውን የአገራችንን ሰንጠረዥ በልጅነታቸው አሳይተዋቸዋል። ስለዚህ እኔ ግንብ የምለውን ደር፣ ወታደር የምለውን መደቅ፣ ጳጳስ የምለውን ፊል ይሉታል። ፊል ዝሆን ነው። “ጳጳስ በሰያፍ ሲሄድ አላየሁም” ይላሉ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ አድርገው ዝም ይላሉ። ሰንጠረዥ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ረድፍና ዓምድ ያለው የቢሮ ወረቀት ሆኗል። እሳቸው ሰንጠረዥ ሲጫወቱ እኔ ሰንጠረዥ ስሞላ ዕድሜያችን አለፈ።

እንግዲህ ያቺ ጠባቂ የሌላት ወታደር ጋምቢት ትባላለች። ጨዋታው ገና ሲከፈት፣ ሠራዊቱ ከቤቱ ሳይወጣ፣ አንዱ ለሌላው ወታደር ይተውለታል፤ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ። ተቀባዩ እሷን ሲለቅም ሰጪው ሁለት ሦስት ተራ ያተርፋል። ፈረሱን ያወጣል፣ መስመር ይከፍታል፣ ንጉሡን ጥግ ያስገባል። ተቀባዩ በቁጥር በልጦ በጊዜ ያንሳል። ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት የሚባለው ይኸው ነው፤ ሥጋው እጅህ ላይ አለ፣ መቁረጫው ግን ሌላ ሰው ወገብ ላይ ነው።

ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። ጋምባ እግር ነው፤ ጋምቢት ደግሞ ትግል ላይ እግር አግብቶ መጣል። በአማርኛ ጠለፋ ብንለው ምንም አይጎድለውም። ወደ ቼዝ ያስገባው ሩይ ሎፔዝ የተባለ የስፔን ቄስ ነው፤ በ1561 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ። ይህን ስነግራቸው መሪጌታ “ቄስ?” አሉ፤ ሁለት ጊዜ። ይኸው ቄስ ገበታውን ስታስቀምጥ ፀሐይ የባላጋራህ ዓይን ላይ እንድታርፍ አድርግ ብሎ መክሯል ይባላል። መሪጌታ ስቀው ሲያበቁ “በል ቦታ እንለዋወጥ” አሉኝ። ለካ ፀሐይዋ እሳቸው ዓይን ላይ ነበረች።

እኔና እሳቸው ከዚህ በላይ የምንጣላበት ነገር አለ። ያልጠየቅኸው ነገር ወደ እጅህ ሲመጣ ምን ታደርጋለህ? መሪጌታ መልሳቸው አጭር ነው፤ አትንካው። ማስረጃቸው ገዳመ ቆሮንቶስ ነው። ጌታ አርባ ቀን ጾሞ ሲራብ ፈታኙ መጀመሪያ ያቀረበው እንጀራ ነበር፤ ስስት። ቀጥሎ ትዕቢት፣ ቀጥሎ ፍቅረ ንዋይ። ስስትን በትዕግሥት፣ ትዕቢትን በትሕትና፣ ፍቅረ ንዋይን በጸሊአ ንዋይ አሸነፈ። “አንዱንስ ተቀብሎ አየው ወይ?” ይላሉ መሪጌታ። “ትንሽ ቀምሼ ልመልስ አለ ወይ?” ስለዚህ እኔ ጋምቢት ስሰጣቸው አይቀበሉም። ወታደሬን እዚያው እንደቆመች ትተው የራሳቸውን ይገፋሉ። እሳቸው ግን ለኔ ይሰጣሉ፤ ይኼ እንዴት ከሃይማኖታቸው ጋር እንደሚስማማ ጠይቄያቸው አላውቅም። በቅኔ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ መልሱ ወደ ጠያቂው ይዞራል።

እኔ በተፈጥሮዬ ተቀባይ ነበርኩ። በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ክፍል፣ በመብራት መጥፊያ ሰዓት በሻማ ስንጫወት፣ የተሰጠኝን ሁሉ እወስድ ነበር። መውሰድ ምን እንደሚያመጣ ያሳየኝ ደግሞ እኔ ከመወለዴ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት የተደረገ አንድ ጨዋታ ነው።

በ1851 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ትልቅ ውድድር ነበር። በመካከሉ፣ ለመዝናናት ያህል፣ አዶልፍ አንደርሰን የተባለ የብሬስላው የሒሳብ መምህር ከሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ጋር ተቀመጠ። አንደርሰን ነጭ ነበር፤ በሁለተኛው ተራ ወታደር ሰጠ። ኪዘሪትስኪ ወሰደ። ቆይቶ ጳጳስ ሰጠው፤ ወሰደ። ግንብ ሰጠው፤ ወሰደ። ሁለተኛውን ግንብ ሰጠው፤ ወሰደ። በመጨረሻ ንግሥቱን ሰጠው። ያን ጊዜ ቢፈልግም ባይፈልግም መውሰድ ግድ ሆኖበት ነበር፤ ወሰደ፣ በሚቀጥለው ተራ ንጉሡ ሞተ። ጨዋታው 23 ተራ ነው የፈጀው። ዛሬም “የማይሞተው ጨዋታ” ይባላል።

ሰው ሁሉ የአንደርሰንን ድፍረት ያደንቃል። እኔን ግን የያዘኝ የተሸናፊው መዝገብ ነው። ንጉሡ ሲሞት ከኪዘሪትስኪ ሠራዊት የጎደለው ሦስት ወታደር ብቻ ነበር። ሁለት ግንብ አለው። ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ጳጳስ፣ ንግሥት አለው። ንግሥቲቱ ግን ከጦርነቱ ርቃ፣ ግንቡን በበላችበት ጥግ ቆማለች። አንዱ ጳጳስም እንዲሁ፣ ሌላውን ግንብ በበላበት ቤት። ቀሪ ሒሳብ አውጣ ብትሉኝ ሰውየው ባለጸጋ ነው፤ ገቢው ከወጪው ይበልጣል፣ ደረሰኙ ሁሉ አለ። መዝገቡ ትክክል ነው፣ ባለቤቱ ሞቷል። ለመሪጌታ ይህን በገበታው ላይ አንድ በአንድ ሳሳያቸው ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበውን የወንጌሉን ባለጸጋ ጠቀሱልኝ። በዚያች ሌሊት ነፍሱ የተፈለገችበትን። እኔ ስለ ቼዝ፣ እሳቸው ስለ ሉቃስ፣ ስለ አንድ ሰው ነበር የምናወራው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች መውሰድን አልተዉም። በ1886 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ቪልሄልም ስታይኒትዝ ያስተማረው እንዲያውም መውሰድን ነው። ጥቃት ከባዶ አይነሳም፤ ሰጪው በቂ ብልጫ ሳይኖረው ከሰጠ ውሰድ፣ ቻል፣ መልሰህ ምታ። ቦቢ ፊሸር በ1960 እ.ኤ.አ. ማር ዴል ፕላታ ላይ በቦሪስ ስፓስኪ የንጉሥ ጋምቢት ተሸነፈ፤ በዓመቱ ይህ መክፈቻ አብቅቶለታል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ነጭ ይዞ ተጫወተው። እንደኔ እንደኔ ጽሑፉ የቼዝ ብቻ አይደለም፣ የተቀየመ ሰው ደብዳቤ ነው።

በሌላ በኩል ወስዶ ማስቀረት የማይቻልበትም አለ። የንግሥቲቱን ጋምቢት በስሙ በተሠራው ተከታታይ ፊልም ምክንያት ሰፈራችን ውስጥ ያሉ ልጆች ሁሉ ያውቁታል። ጥቁሩ ወታደሯን ሊወስድ ይችላል፤ ችግሩ ላስቀራት ያለ ዕለት ነው። ከጎኗ ሌላ ወታደር ገፍቶ ይደግፋታል። ነጩ ከጠርዝ ያቺን ደጋፊ ይነካታል። ጥቁሩ ለደጋፊዋ ደጋፊ ያቆማል። ወታደር በወታደር ይበላላል፤ መስመሩ ይከፈታል፤ የነጩ ንግሥት አንድ እርምጃ ወጣ ብላ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ግንብ ታየዋለች። ከዚያ በኋላ ግንቡን ለማዳን ፈረስ ወይም ጳጳስ መገበር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

አሁን ወደ መሪጌታ ልመለስ። የሚወዱት የዴንማርክ ጋምቢት የሚባለውን ነው፤ ለጋስነቱ ስለሚበዛ ይመስለኛል። ሁለታችንም የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት እንገፋለን። እሳቸው ወዲያው የንግሥቲቱን ወታደር ያስከትላሉ፤ እወስዳለሁ። ከንግሥቲቱ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት ያለችውን አንድ ቤት ያንፏቅቃሉ፤ እሷንም እወስዳለሁ። መልሰው እንደመብላት ሌላውን ጳጳሳቸውን ያወጣሉ። የኔዋ ወታደር ሦስተኛዋን ትበላለች፤ እዚያው ራሷም ትበላለች። ሦስት ወስጄ አንድ ሰጠሁ። ሁለት ወታደር ትርፍ! ቀና ብዬ ሳይ ግን ሁለቱ ጳጳሶቻቸው ጎን ለጎን እንደ መንታ አፈሙዝ ወደ ንጉሤ ሰፈር ያነጣጥራሉ፤ እኔ አንድም ፈረስ አላወጣሁም። መሪጌታ የጭነት መኪናውን እየሸኙ ነው።

ለዓመታት እነዚያን ሁለት ወታደሮች ለማቆየት ስል ተሸነፍኩ። የሚያሸንፈኝ የሳቸው ጥቃት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። እያንዳንዱን ተራ የማስበው ሁለቱ እንዳይጎድሉ ነበር፤ ንጉሤን የማስበው ከነሱ ቀጥሎ ነው። ያለ እነሱ ብጀምር ኖሮ በሰላም እጫወት ነበር። ከአምስት ደቂቃ በፊት የኔ ያልነበረ ነገር ከንጉሤ በላይ ሆነብኝ።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከካርል ሽሌክተር ነው። የቪየና ሰው ነው፤ በጨዋነቱና በአቻ ውጤቶቹ የታወቀ። በ1910 እ.ኤ.አ. ከአማኑኤል ላስከር ጋር ለዓለም ሻምፒዮንነት አሥር ጨዋታ ተጫውቶ 5 ለ 5 ወጣ፤ እስከ አሥረኛው ጨዋታ ድረስ የሚመራው እሱ ነበር። በ1918 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ የዓለም ጦርነቱ ጸጥ ባለ በሁለተኛው ወር፣ ቡዳፔስት ውስጥ በ44 ዓመቱ ሞተ። የረሃብ ዘመን ነበር፤ እሱ ግን ተራብኩ ብሎ ለማንም አልተናገረም ይባላል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው የዴንማርኩን ጋምቢት መልስ በስሙ የተወልን።

መልሱ ይህ ነው። ሁለት ወታደር ትርፍ ይዞ የቆመው ጥቁር፣ የንግሥቲቱን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቶ በቀጥታ በነጩ ጳጳስ አፍ ላይ ያስቀምጣታል። እንካ። ጳጳሱ ይበላታል። ጥቁሩ ፈረሱን ጳጳሱ ላይ ያወጣል። ነጩ ተንኮለኛ ከሆነ ጳጳሱን ከንጉሡ አጠገብ ባለችው ወታደር ላይ ወርውሮ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ይበላዋል፤ መንገዱ ተከፍቷልና የነጩ ንግሥት የጥቁሩን ንግሥት ትበላለች። እዚህ ላይ የማያውቅ ሰው ልቡ ይቆማል። ጥቁሩ ግን በእርጋታ ከንጉሡ በኩል ያለውን ጳጳሱን አውጥቶ ቼክ ይላል፤ ከኋላው ግንቡ ጠብቋልና ከዚህ ወዲያ የነጩ ንግሥት ምን ቢደረግ አትድንም። ቢበዛ ከመካከል ገብታ በጳጳስ ትለወጣለች። አቧራው ሲረግፍ እንቁጠር። አምስት ወታደር ለአምስት። ሁለት ግንብ ለሁለት። ሁለት ፈረስ ለሁለት፣ አንድ ጳጳስ ለአንድ። ሒሳቡ ተዘጋ፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልም፣ አንድ ሳንቲም አይተርፍም። መጀመሪያ ይህን ሳይ የተሰማኝ ዓመት መጨረሻ ላይ ባንክና መዝገብ ሲታረቁ የሚሰማኝ ነበር።

ላስከርም ተመሳሳይ ነገር አድርጓል። ኢቫንስ የተባለ የዌልስ መርከብ ካፒቴን በፈጠረው ጋምቢት ላይ ወታደሩን ተቀብሎ፣ ጳጳሱን በጊዜ ሰብስቦ፣ ከፈለግህ ወታደርህን ውሰድ የሚል አሰላለፍ ያዘ። ነጩ ወታደሩን መልሶ ሲወስድ ደግሞ ጥቃቱ ይከስማል፤ ጋምቢት የሚኖረው ተቀባዩ ስስታም እስከሆነ ድረስ ነው። ላስከር ሃያ ሰባት ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ የኖረ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ ስለ ትግል ፍልስፍናም መጽሐፍ ጽፏል። እኔ አላነበብኩትም፤ ያቺ አሰላለፍ ትበቃኛለች።

ሽሌክተርን ይዤ የመጣሁ ቀን መሪጌታን አቻ አወጣኋቸው። ቀጥሎም በኩራት ተናገርኩ። ክፋቱ መቀበሉ ላይ አይደለም አልኳቸው፤ መጨበጡ ላይ ነው። እጅህ መክፈት የሚችል ከሆነ የሚያስፈራ ስጦታ የለም። መሪጌታ ገበታውን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና “ሙክቱንስ?” አሉኝ።

ሙክቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ማንንም መውቀስ አልችልም።

በ1991 ዓ.ም. የቅዳም ሥዑር ዕለት ረፋድ ላይ በራችን ተንኳኳ። ልጆቹ ቀጤማ የመጣ መስሏቸው ሮጡ። አንድ ወጣት ነው፤ የመንዝ ሙክት በገመድ ይዟል፤ ጸጉሩ ድፍን ያለ፣ ጅራቱ የከበደ። “ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ ብለው ልከውልዎት ነው” አለና የአንድ ነጋዴ ስም ጠራ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤታችን የጽሕፈት መሣሪያ ጨረታ አውጥቶ ነበር፤ እኔ ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት አንዱ ነኝ፤ ነጋዴው ከተጫራቾቹ አንዱ። እኛ ቤት ለፋሲካ የተገዛው አንድ ዶሮ ነበር። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ በጉን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ተመለሰች። የመጨረሻው ልጄ የበጉን አንገት አቅፎ ስም አውጥቶለታል።

በልቤ ምን እንዳልኩ ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በበዓል ዋዜማ መመለስ ነውር ነው፤ ልቀበልና ከበዓል በኋላ ዋጋውን እልካለሁ። ልክ እንደ ሽሌክተር። ልዩነቱ ሽሌክተርን ያን ጊዜ አላውቀውም ነበር፤ በዚያ ላይ እሱ የሚመልሰው እዚያው በሚቀጥለው ተራ ነው። እኔ ዋጋውን ሁለት ሳምንት አቆየሁት። በጉ በዚያች ሌሊት ታረደ።

ፖስታዎቹ ሲከፈቱ የነጋዴው ዋጋ ከሁሉ ዝቅተኛ ሆነ። ናሙናውም መልካም፤ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘርግቼ አየሁት፣ እንከን የለውም። በሕጉ ማሸነፍ ያለበት እሱ ነው። እስክሪብቶዬን አነሳሁና ቆምኩ። ብፈርምለት የሚፈርመው በጉ ነው። ብከለክለውም የሚከለክለው በጉ ነው። በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አንድም የራሴ ተራ አልቀረልኝም። በማግሥቱ መቶ ሰባ ብር በፖስታ አድርጌ በዚያው ወጣት እጅ ላክሁለት። ብሩ ማታውኑ ተመለሰ፤ “እኔ በግ ላክሁ እንጂ ሒሳብ አልላክሁም” ከሚል ቃል ጋር። ከዚያ ወዲያ ለሰብሳቢው ነግሬ ከኮሚቴው ወጣሁ። ጨረታውን ያለ እኔ አሸነፈ፣ ዕቃውንም በጊዜው አስረከበ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ሰው በአንድ በግ ብቻ ከኮሚቴ አይወጣም ተባለ፤ በወሬ ላይ በጎቹ አምስት ደረሱ።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ቀላል ነበር። ከዓመታት በኋላ ነጋዴው ሲሞት ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እያለቀሱ ያወራሉ፤ ሟቹ በየፋሲካው ለሰባት ቤት በግ ይልክ ነበር፣ የላከውንም ለማንም አይናገርም፣ እሳቸው ባላቸው ከሞተ ጀምሮ አንድ ዓመት ተዘልለው አያውቁም። ራሴን ሰቅዞ ያዘኝ። ሰባቱ እነማን ናቸው? ባለሥልጣኖች ናቸው ወይስ ድኾች? እኔን በየትኛው መዝገብ አስገብቶኝ ነበር? የዶሮዬን ወሬ ሰምቶ ይሆን? ወይስ የኮሚቴውን ዝርዝር አይቶ? ቼዝ ላይ የሰጪው ልብ ገበታው ላይ ተዘርግቷል፤ ጳጳሱ የት እንደሚያነጣጥር ታያለህ። ሰው ላይ አይታይም። እሱ ራሱስ ለይቶ ያውቀው ነበር?

መሪጌታ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። “ሙክቱንስ?” ሲሉኝ ዝም አልኩ። እሳቸውም አላለፉኝም፤ ኤልሳዕን አመጡ።

ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ በብርና በወርቅ በልብስም የተጫነ ስጦታ ይዞ ነቢዩ ደጅ ቆመ። ተንኮል የለበትም፤ የዳነ ሰው ምስጋና ነው። ኤልሳዕ አልቀበልም አለ። ሎሌው ግያዝ ግን ሰረገላውን ተከትሎ ሮጦ፣ ጌታዬ ልኮኝ ነው ብሎ ዋሽቶ፣ ሁለት መክሊት ብርና ሁለት ልብስ ተቀብሎ መጣ፤ የንዕማንም ለምጽ ወደ እሱ ተሻገረ። “አየህ ሹሙ” አሉ መሪጌታ፣ “ሰጪው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ።”

ቅኔ ቤት አልገባሁም፤ መጽሐፉን ግን አነባለሁ። አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ መለስኳቸው። ያው ኤልሳዕ ሱነም ሲደርስ አንዲት ባለጸጋ ሴት ትንሽ ሰገነት ሠርታለት የለም? አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ መቅረዝ አኑራለት? ተቀበለ። ገብቶም ተኛበት። ያው ሰው ነው፤ የንዕማንን ወርቅ የመለሰው፣ የሱነማዊቷን አልጋ የተቀበለው። መሪጌታ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ። “እሷ ምንም አልፈለገችም” አሉ። ንዕማንስ ምን ፈለገ? አልኳቸው። ዝም አሉ። መሪጌታ ዝም ሲሉ ማሸነፍ አይደለም፤ እያሰቡ ነው ማለት ነው፤ የሳቸው ሐሳብ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል።

እኔም ያን ሳምንት አሰብኩበት። የደረስኩበት ከሒሳብ ሰው የሚጠበቅ ነገር ነው። አልጋው ኤልሳዕ ከተኛበት በኋላም የሱነማዊቷ ነው። ጠዋት ሲነሳ እዚያው ትቶት ይሄዳል፤ ሰገነቱ በቤቷ ላይ ነው፣ መቅረዙ በግድግዳዋ ሥር። የንዕማን ብር ግን ኤልሳዕ በሄደበት ሁሉ ከኤልሳዕ ጋር ይሄድ ነበር። ወታደርም እንዲሁ ናት፤ ወስጄ ልተዋት እችላለሁ፣ ሽሌክተር ያስተማረኝ ይህን ነው። በግ ግን ይበላል። የተበላ በግ አይመለስም፤ መቶ ሰባ ብር በግ አይደለም። ስለዚህ የሽሌክተር መከላከያ ለሙክት አይሠራም፤ ለሙክት የመሪጌታ ይሻላል፣ በር ላይ። ይህን ለማወቅ ግን ስጦታው መጥቶ ደጅ ቆሞ፣ ልጅህ አንገቱን አቅፎ እያለ፣ አልጋ ነው ወይስ በግ ብለህ መለየት አለብህ። እኔ ዛሬም በዚያች ቅጽበት ብገኝ ገመዱን ከወጣቱ እጅ የማልቀበል መሆኔን እርግጠኛ አይደለሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መሪጌታ መልስ ይዘው መጡ፤ ግን ከመጽሐፍ አልነበረም። ከአያታቸው ሰንጠረዥ ነው። በድሮው ጨዋታ መክፈቻው ወረራ ይባላል። ሁለቱም ተራ አይጠብቁም፤ አንዱ አንዱን ሳይጠብቅ እንደፈለገ ይገፋል፣ ያወጣል፣ ያሰልፋል። ሁለት እጅ በአንድ ገበታ ላይ ይራወጣል። ይህ ሁሉ የሚቆመው አንዱ የሌላውን አንድ መደቅ እንኳ ሲበላ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ተራ በተራ ይሆናል። “አያቴ ይህን ሲያሳዩኝ የማልረሳውን ነገር አሳዩኝ” አሉ መሪጌታ። “አያትዎ ምን አሉዎት?” አልኳቸው። “ምንም አላሉኝም” አሉ፤ “እጃቸውን ከመደቄ በላይ ሰቅለው ቆዩና ሳይነኩት መለሱት፤ ወረራው ቀጠለ።”

መሪጌታ ይህን ሊያሳዩኝ እጃቸውን ከገበታው በላይ አንስተው ነበር። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዕድሜ ነው። የኔ ወታደር ሥር ያለው ጥላ ከእጃቸው ጋር ይንቀጠቀጣል። እስከዚያ ድረስ ተራ አልነበረም፤ ማንም የማንም ባለዕዳ አልነበረም። መጀመሪያ የበላው ነው ሕግ ያመጣው።

እኔ መልስ አልነበረኝም። ነገር ለመቀየር ቡናውን ልክፈል ብዬ ኪሴን ስዳብስ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። መሪጌታ እኔ ከመድረሴ በፊት ከፍለዋል፤ የሁለታችንን፣ ሁለት ሁለት ስኒ። ወደ እሳቸው ዞርኩ። ፊታቸው መንገዱ ላይ ነው፤ አንድ የጭነት መኪና ወደ ደሴ እየወጣ ነበር።

ሁለተኛው ስኒ ቀረበ። ጠጣሁት።